ለትዳር የሚላክ ፎቶግራፍ፦ የትኛውን እንምረጥ?

በቦረናና በአካባቢው፣ ማለትም ከመካነ ሰላም እስከ ለጋምቦ፣ አማራ ሳይንትና ከላላ ባለው ደጋ፣ ትዳር ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ናት? የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ነበር። መልክ የሚታየው በገበያ፣ በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት ነው። ሽማግሌ የሚላከውም ጠባዩና ቤተ ሰቡ ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። አስቀድሞ የሚደርሰው ፎቶግራፉ ነው፤ ጥያቄው የሚከተለው ፎቶው ደስ ካሰኘ ብቻ ነው። ካላሰኘ ማንም ምንም ሳይጠይቅ በጣት ተገፍቶ ይታለፋል።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአካባቢው ልጆች ግን እዚያ ብቻ አይደሉም። ብዙዎች አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ብዙዎች ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የደቡብ ወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። በሌላ በኩል የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ባለው ግቢው ከሩቅ የመጡ ወጣቶችን ሰብስቧል። ለወንጌላውያን ወጣቶች ደግሞ መንገዱ ከዚህም ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንት ተብለው የተመዘገቡት ከሺህ ሰው ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በአንዲት ደጋ ከተማ ሆኖ በእምነት የሚመስለውን የትዳር ጓደኛ የሚፈልግ ወጣት ዓይኑን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ቢያነሣ ምን ያስደንቃል? የሚያገናኘውም በእጁ ያለው ስልክ ነው።

በስልክ መተጫጨት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆየን። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በቴሌግራም፣ በፌስቡክ ወይም በመተጫጫ ገጾች ላይ የምናወጣውን ፎቶግራፍ እንዴት እንደምንመርጥ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ፎቶ ምክንያት ሰው ከአገር አገር ይሄዳል፣ ጎጆ ይወጣል፣ ወይም ደግሞ መናኸሪያ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ፎቶግራፉ ምን ሥራ አለው?

ቀድሞ በፎቶ ቤት የምንነሣው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ጉርድና ሙሉ ቁመና። ጉርዱ ለመታወቂያና ለማመልከቻ ነው። ሙሉ ቁመናው ለማስታወሻና ለዘመድ ይሆናል፤ ከኋላ መጋረጃ ወይም የተሳለ ፏፏቴ፣ ከጎን የላስቲክ አበባ ያለበት። ወደ ውጭ አገር በፖስታ ሲላክ ግን ብቻውን አይሄድም ነበር። አብሮት የአክስት ወይም የወንድም ደብዳቤ አለ፤ ደብዳቤው ስለ ልጅቱ ይናገራል፣ ፎቶው የተነገረውን ያጸናል። ዛሬ ፎቶው ደብዳቤውን ጥሎ ብቻውን ሄዷል። ስለዚህ የደብዳቤውንም ሥራ እንዲሠራ ይጠበቅበታል።

ብቻውን የሄደ ፎቶ ምን እንደሚያደርግ የሌሎች ሕዝቦች ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ከ20 ሺህ በላይ የጃፓን፣ የኦኪናዋና የኮሪያ ሴቶች በፎቶ ብቻ ታጭተው ወደ ሃዋይ በመርከብ ተጉዘዋል። በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሚሠሩት ወንዶች አንዳንዶቹ የላኩት ከብዙ ዓመት በፊት የተነሡትን ፎቶ ነበር፤ አንዳንዶቹም በተውሶ ሱፍ ተነሥተው ነበር። ሴቶቹ ሆኖሉሉ ወደብ ሲደርሱ ፎቶውን በእጃቸው ይዘው ባላቸውን ከሕዝቡ መካከል ይፈልጉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ያገኙት ከፎቶው ብዙ ያረጀ ሰው ነው። መመለሻ ግን አልነበራቸውም። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ፎቶ ማሳመር ገንዘብና ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በስልክ በነጻ ይሠራል።

እንግዲህ ጥሩ ፎቶ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እንዲህ እለዋለሁ፦ ከአውቶቡስ ስትወርዱ የሚጠብቃችሁ ሰው ሳይደውል የሚለያችሁ፣ ሲለያችሁም ፊቱ የማይለወጥበት ፎቶ ነው። ቆንጆ መሆኑ ከዚህ በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በመተጫጫ ገጽ ላይ የወጡ ፎቶዎችን ከባለቤቶቻቸው ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ከሦስቱ ፎቶዎች አንዱ ያህል ባለቤቱን በትክክል እንደማያሳይ አግኝተዋል። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ለማታለል የተነሡ አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ የወደዱትን ፎቶ ብቻ ነው የመረጡት። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

መራጩ ማን ይሁን?

የገዛ ፎቶውን በመምረጥ ረገድ ሰው ለራሱ መልካም ዳኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዴቪድ ኋይትና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት 102 ተማሪዎች ከ12 የገዛ ፎቶዎቻቸው መካከል ለመተጫጫ ገጽ፣ ለፌስቡክና ለሥራ የሚሆነውን እንዲመርጡ ተደረገ። ከዚያ የማያውቋቸው ሰዎች ከእነዚያው ፎቶዎች እንዲመርጡላቸው ተደረገ። ፎቶዎቹ ለሌሎች ተመልካቾች ሲቀርቡ የበለጠ ደስ ያሰኙትና እምነት የሚጣልባቸው የመሰሉት በእንግዳ ሰው የተመረጡት ነበሩ። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። እኛ ፎቷችንን ስናይ ጥርሳችንን፣ ግንባራችንን፣ የምናፍርበትን ጠባሳ እንፈልጋለን። እንግዳው ግን አንድ ሰው ነው የሚያየው።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። በወሎ ለትዳር የሚመርጠው ብቻውን መስተዋት ፊት የቆመ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ አክስት አለች፣ የእናት ወዳጅ አለች፣ ሽማግሌ አለ። ስለዚህ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ፎቶ ተነሡና ስልኩን ለሁለት ሰው ስጡ፤ አንደኛው በደንብ የሚያውቃችሁ፣ ሁለተኛው እምብዛም የማያውቃችሁ ይሁን። የሚያውቃችሁን «እኔን የሚመስለው የትኛው ነው?» በሉት፤ የማያውቃችሁን ደግሞ «ከዚህ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ ቡና ብትጠጣ የምትወደው የትኛው ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱ የተስማሙበትን ውሰዱ። የቅርብ ጓደኛ ብቻውን አይበቃም፤ ጓደኛ ያሞግሳል። ታናሽ እኅት ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ትናገራለች!

አንድ ፎቶ ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የብሪታንያ ጥናት ተሳታፊዎች 40 ፎቶዎች ተሰጥተዋቸው በሰው በሰው እንዲለዩአቸው ተጠየቁ። ፎቶዎቹ የሁለት ሆላንዳውያን ሴቶች ብቻ ነበሩ። የማያውቋቸው ሰዎች ግን ሰባት ወይም ስምንት ሴቶች እንዳሉ አድርገው ነው የከፋፈሉት። ሴቶቹን በቴሌቪዥን የሚያውቋቸው ሆላንዳውያን ያለ ችግር ለዩአቸው። ይህም ማለት የማያውቃችሁ ሰው ከአንድ ፎቶ ብቻ እናንተን ሊያውቅ አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ይሁኑ፤ አንዱ ፊት በግልጽ የሚታይበት፣ አንዱ ሙሉ ቁመና፣ ሌሎቹ በዕለት ኑሯችሁ ያላችሁበት ይሁን። ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያየው ግን አንዱን ነውና የመጀመሪያው ጥርት ያለ የፊት ፎቶ ይሁን። ዊሊስና ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ሰው ስለ አንድ ፊት የመጀመሪያ ፍርዱን ለመስጠት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይበቃዋል። ፍርዱ ትክክል ነው አላሉም፤ ፈጣን ነው ነው ያሉት።

የደጋው ፀሐይ፣ ነጠላውና ካሜራው

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ሰልፊን ለዚህ ጉዳይ ተዉት። በእኛ አገር ስለ ሰልካካ አፍንጫ ስንት ዘፈን ተዘፍኗል፤ ነገር ግን ማንኛውም አፍንጫ በሰልፊ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የወጣ የሐኪሞች ጥናት እንዳሰላው ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተነሣ ፎቶ አፍንጫ ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት ከተነሣው 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ካሜራው ለሚቀርበው ነገር ያደላል፤ አፍንጫ ደግሞ ከፊት ሁሉ ለካሜራ የቀረበ ነው። ስለዚህ ስልኩን ለሰው ስጡና ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያንሣችሁ። ሰው ከሌለ ስልኩን ድንጋይ ላይ ወይም መስኮት ላይ አስደግፋችሁ ሰዓት ቆጥሮ እንዲያነሣ አድርጉ።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። በደጋ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ሆኖ ይመታል፤ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ግንባር ይነጣል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አርባ ዓመት ትመስላለች። ጠዋት ፀሐይ ከፍ ሳትል ወይም ወደ ማታ ስትዘቀዝቅ ተነሡ። ቀትር ላይ የግድ ከሆነ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ በደጃፍ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ውጭ መልሱ። ደመና የሸፈነው የክረምት ቀን ደግሞ ሰዎች ለፎቶ ይጠሉታል እንጂ ለፊት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል።

ሦስተኛው ነጠላና ጋቢ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ልጅ ፎቶ ስትነሣ ነጠላው ደምቆ ፊቷ ጠቁሮ የሚወጣው በእርሷ ጥፋት አይደለም። ካሜራው ነጩን ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን በሙሉ ያጨልመዋል። ከማንሣታችሁ በፊት ስልኩ ላይ ፊት ያለበትን ቦታ በጣት ንኩ፤ ካሜራው መለኪያውን ከነጠላው ወደ ፊቱ ያዛውራል። ነጭ ግድግዳ ፊት ወይም ሰማይን ከኋላ አድርጎ መቆምም ያንኑ ችግር ያመጣል። ይህን ለማስተካከል ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። (የካሜራውን መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግንም አትርሱ፤ ፎቶዎቻችንን ጉም ያለበሰው የቦረና ጉም ሳይሆን የጣታችን ቅባት ነው።)

ስለ ቆዳ ቀለም ጥቂት ማለት ይገባል። ካሜራ ከመጀመሪያው ለጥቁር ሰው ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ኮዳክ ለብዙ ዓመታት የቀለም ፎቶ ሕትመት የሚስተካከልበትን ካርድ ወደ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ሲልክ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ ለእርሷ ፊት ሲስተካከል የእኛ ፊት ጭቃ ይመስል ነበር። ይህ ቀስ በቀስ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ የሚገጣጥመው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያ ቴክኖ ስልኮቹ ጥቁር ቆዳን በደንብ እንዲያነሡ አድርጎ እንደሠራቸው በማስታወቂያው ይናገራል፤ ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስልኩ ላይ ይህንኑ አሻሽያለሁ ብሏል። የሚያሳዝነው፣ ካሜራው የእኛን ቀለም ማየት ሲጀምር እኛ በፊልተር ማጥፋት መጀመራችን ነው። ጠይሟ ቀይ ትሆናለች፤ ቆዳዋ እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል፣ አገጯ ይሾላል። አንዳንድ ስልኮች ይህን ሳይጠየቁ ያደርጉታል፤ ስለዚህ «ውበት» የሚለውን ማስተካከያ ፈልጋችሁ አጥፉት። እንዲህ ያለውን ፎቶ አይቶ የወደደ ሰው የወደደው ሌላ ሰው ነው። በአካል ስትገናኙ ደግሞ ያቺ ሌላ ሴት ተፎካካሪያችሁ ሆና ትቀርባለች።

ምን ለብሰን፣ ምን ይዘን?

የተውሶ ነገር በፎቶ አይግባ። የሰው መኪና ላይ ተደግፎ መነሣት፣ የጓደኛን ውድ ስልክ መያዝ፣ ሆቴል በር ላይ እንደ ባለቤት መቆም በከተማችን የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ሲጠየቅ መልስ ይፈልጋል። አስተማሪ ከሆናችሁ በትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ከሆናችሁ በሱቃችሁ፣ ገበሬ ከሆናችሁ በማሳችሁ ዳር ብትነሡ ፎቶው ስለ እናንተ ያወራል። በእርሻ ልብስ መነሣት ነውር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ከተከራየ ሱፍ ይልቅ የሞፈር ቀንበሩን ፎቶ አምናለሁ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሲሄድ ያየው ርብቃ ለመንገደኛው ውኃ ስትቀዳ፣ ግመሎቹንም ስታጠጣ ነው፤ ሥራዋ ነው የነገረው።

የመታወቂያ ፎቶ ልማድ ሆኖብን ካሜራ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ እንላለን። ፊታችሁን አትጨፍግጉ፤ ጥርስ ማሳየት የግድ ባይሆንም ዓይናችሁ ይሣቅ። ጥቁር መነጽር ይውለቅ። የቡድን ፎቶ የመጀመሪያ አይሁን፤ ተመልካቹ የትኛዋ እንደሆናችሁ ሲፈልግ ሚዜያችሁን ወዶ ሊቀር ይችላል! ሌሎች ሰዎች ያሉበት ከሆነም አስፈቅዱአቸው። ፎቶው ካለፈው አንድ ዓመት ወዲህ የተነሣ ይሁን። በተለይ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት የተነሡትን ይልካሉ፤ ያለፉት የሥራ ዓመታት ግን ፊት ላይ ተጽፈዋል፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም።

የማን ፎቶ ነው? ማንስ ላከው?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ፎቶው በባለቤቱ ፈቃድ ሲላክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። አጎት ወይም ወንድም የልጅቱን ፎቶ ከስልኳ ወስዶ ጅዳ ወይም አሜሪካ ላለ ሰው ይልካል፤ እርሷ የምትሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ከዚህ ጋር የተጨመረ ነው። የቤተ ሰብ ሽማግሌዎች ይህን ሕግ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ ልጅቱን «ይላክ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሕግ ማወቅ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚከብደው የዕድሜ ነገር ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተኳኩላ፣ ተረከዙ ረጅም ጫማ አድርጋ በፎቶ ቤት ብትነሣ ሃያ ዓመት ትመስላለች። ፎቶው ዕድሜዋን ይደብቃል፤ የሚቀበለውም ሰው አላወቅሁም ይላል። የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዳያገባ ይከለክላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሳችሁ የትምህርት ቤት ክፍሏን ጠይቁ። ስምንተኛ ክፍል ናት ከተባላችሁ ፎቶውን መልሱ።

ለላኪዎችም የጥንቃቄ ቃል አለ። ከኋላችሁ የትምህርት ቤት ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም የመሥሪያ ቤት ምልክት አይታይ፤ የማታውቁት ሰው አድራሻችሁን ከፎቶው ያነብባል። ስልኩ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ሊመዘግብ ይችላል፤ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወገዳል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። የቴሌግራም የፕሮፋይል ፎቷችሁንም በስልካችሁ የመዘገባችኋቸው ሰዎች ብቻ እንዲያዩት ማድረግ ትችላላችሁ። ልብስን ያወለቀ ፎቶ የሚጠይቅ ሰው፣ ቀለበት ቢያስርም እንኳ፣ አይላክለት። እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም የሚያስፈራራ ከመጣ አትክፈሉ፤ መልእክቶቹን ሳትሰርዙ ለታመነ ሰው አሳዩ፣ ለፖሊስም አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሰውን ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን በወንጀል ያስቀጣል።

የሚደርሳችሁን ፎቶ ደግሞ በጎግል የምስል ፍለጋ ፈትሹት፤ የሌላ ሰው ወይም የተዋናይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው በቪዲዮ መነጋገር ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በእጃቸው የቀረው ቀድሞ የተላከው ፎቶና የስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ የሚረዳው የቀድሞው መንገድ ነው፤ በዚያ አካባቢ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፈልጎ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ ወይ?» ማለት።

ነገሩ ሳይሆን ቀርቶ ብትለያዩስ? የወረቀት ፎቶ «መልስልኝ» ይባል ነበር። በቴሌግራም የላካችሁትን ፎቶ ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ ሲሰረዝ «ለሁለታችንም» የሚለውን መምረጥ ነው። ሰውየው አስቀድሞ ወደ ስልኩ ማኅደር ያወረደው ግን በዚህ አይጠፋም። ስለዚህ በመጨረሻው ንግግራችሁ ላይ እንዲያጠፋው በግልጽ ጠይቁት፤ በእናንተ ስልክ ያለውንም የእርሱን ፎቶ በዚያው ሰዓት አጥፉ።